ፓይተን ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል፦ ያለ ኢንተርኔት መጫን፣ የመጀመሪያው ፕሮግራምና የአማርኛ ጽሑፍ ጣጣ

የአይሲቲ_መምህር
ጤና ይስጥልኝ። ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ፓይተን የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ልናስጀምር ነው። ክፍሉ ውስጥ 14 ኮምፒውተሮች አሉ፤ 9ኙ ዊንዶውስ 7፣ 5ቱ ዊንዶውስ 10 ናቸው። ራማቸው ከ2 እስከ 4 ጊጋ ነው። ኢንተርኔት የለም፣ ሁሉም ነገር የሚገባው በፍላሽ ነው። ተማሪዎቹ የሚገቡት በራሳቸው አካውንት ነው እንጂ በአድሚን አይደለም። የትኛውን ቨርዥን ልጫን? ስጭንስ ምን ልጠንቀቅ? ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው ፕሮግራም በአማርኛ እንዲናገር እፈልጋለሁ፤ ጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ግን የሚያሳየው ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው።

እንጦጦ_ሥር
መምህር፣ ከቨርዥኑ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው። 3.9 እና ከዚያ በላይ ያሉት እዚያ ላይ አይጫኑም። ከ3.8 ውስጥ ደግሞ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ መጫኛ ያለው የመጨረሻው 3.8.10 ነው፤ ከእሱ በኋላ የወጡት 3.8ዎች ምንጭ ኮድ ብቻ ስለሆኑ እነሱን አውርደው እንዳይደክሙ። ዊንዶውስ 10ዎቹ አዲሱን ሁሉ ይቀበላሉ።

የ3.8 ድጋፍ በ2024 አብቅቷል፣ የደኅንነት ማሻሻያ አይወጣለትም። ከኢንተርኔት ጋር ላልተገናኘ የማስተማሪያ ክፍል ግን ይህ አያሳስብም።

አንድ ፍላሽ ለሁሉም እንዲበቃ ባለ 32 ቢቱን መጫኛ ይውሰዱ። 2 ጊጋ ራም ያላቸው ማሽኖች ብዙውን ጊዜ 32 ቢት ዊንዶውስ ነው ያላቸው፤ 32 ቢቱ መጫኛ 64 ቢት ላይም ይሠራል፣ ተቃራኒው ግን አይሆንም። መጠኑ ከ30 ሜጋባይት በታች ነው። ማውረጃው ገጽ ላይ «ኢምቤዳብል» የሚል ዚፕም አለ። አነስ ስላለ ያጓጓል፤ ግን አይድልም (ከፓይተን ጋር የሚመጣው ኮድ መጻፊያና ማስኬጃ) ፒፕም (ተጨማሪ ጥቅሎችን መጫኛው) ስለሌለው ለእርስዎ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር። በመጀመሪያው መስኮት ላይ «ኢንስቶል ናው»ን ከተጫኑ ፓይተን የሚገባው በእርስዎ አካውንት ማህደር ውስጥ ብቻ ነው። ተማሪው በራሱ አካውንት ሲገባ ፓይተን የሚባል ነገር አያገኝም። ስለዚህ፦

ከታች ያለውን «አድ ፓይተን ቱ ፓዝ» የሚለውን ሳጥን ራይት ያድርጉ (ፓዝ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግባቸው ማህደሮች ዝርዝር ነው)፤ ካልነኩት ባዶ ነው የሚሆነው። ከዚያ «ከስተማይዝ»፣ «ኔክስት»፣ ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ «ኢንስቶል ፎር ኦል ዩዘርስ»። ቦታው ወደ ፕሮግራም ፋይልስ ሲቀየር ካዩ ትክክል ነው።

ዊንዶውስ 7ቶቹ ሰርቪስ ፓክ 1 ከሌላቸው መጫኛው ገና ሲጀምር ይቆማል። ሰርቪስ ፓኩ ኖሮም ማሻሻያ 2533623 ይጎድላል ካለ፣ እሱን የተካውን 3063858 በሌላ ቦታ አውርደው በፍላሽ ያስገቡ።

ባለ_ተርሚናል
አንድ ጭማሪ። ዊንዶውስ 10ዎቹ ላይ ፓዙን ሳያስገቡ ቀርተው ኮማንድ ላይ «ፓይተን» ብለው ቢተይቡ የማይክሮሶፍት ስቶር ይከፈታል፤ ኢንተርኔት ስለሌለ ደግሞ ባዶ ገጽ ላይ ይቀራል። መጫኑ የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም። ስቶሩን የሚጠራው ዊንዶውስ ራሱ ያስቀመጠው አቋራጭ ነው። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ «አፕ ኤክስኪዩሽን ኤሊያስስ» ውስጥ ገብተው በፓይተን ስም ያሉትን ሁለቱን ማጥፋት ነው። ከእሱ በፊት ግን «ፓይ» የሚለውን በሁለት ፊደል (ፒ እና ዋይ) ተይበው ይሞክሩ። ያ አስጀማሪ ከመጫኛው ጋር ስለሚገባ ፓዝ ባይኖርም ፓይተንን ያገኘዋል።

14 ማሽን ላይ አንድ በአንድ «ኔክስት» ማለት ከሰለቸ መጫኛው በዝምታ መጫን ይችላል። አድሚን ሆኖ በተከፈተ ኮማንድ ላይ ከመጫኛው ስም ቀጥሎ /ኳይት፣ ኢንስቶልኦልዩዘርስ=1፣ ፕሪፔንድፓዝ=1 የሚሉትን በላቲን፣ በመካከላቸው ክፍተት ብቻ እየተዉ ይጻፉ (ነጠላ ሰረዙ የኔ ነው)። በእኩልነት ምልክቱ ዙሪያ ክፍተት አይኑር።

ፊደል_ቆጣሪ
ወደ ሳጥኖቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ስም ነው የሚጠሩት፣ ሰውም የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል።

ሳጥን ካያችሁ ፊደሉ በትክክል ደርሷል፣ የሚስለው ፎንት ግን የለም። የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ፊደሉ ጠፍቷል፣ አይመለስም።

አሮጌው ጥቁር መስኮት በተመረጠለት አንድ ፎንት ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ኮንሶላስ የተባለው የመስኮቱ ፎንት ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ሌላ ፎንት ሄዶ አይፈልግም። ኢንተርኔት ላይ «ኮድ ፔጁን (የፊደላት ኮድ ሰንጠረዡን) ወደ 65001 ቀይሩ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ፓይተን ወደ መስኮቱ በቀጥታ በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ስለሚጽፍ ያ ምክር እዚህ ምንም አይፈይድም፤ ሳጥኑ ሳጥን ሆኖ ይቀራል። ዊንዶውስ 11 ላይ የሚመጣው አዲሱ ተርሚናል ከሌላ ፎንት ስለሚበደር አማርኛውን ያሳያል። ለእርስዎ ክፍል መልሱ ጥቁሩን መስኮት ትቶ አይድልን መጠቀም ነው። አይድል ዊንዶውስ 7 ላይ ከኒያላ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ከኤብሪማ ፊደሉን ያመጣል። ፎንቱን ከ10 ወደ 14 ከፍ ያድርጉት፤ በትንሹ «ሰ» እና «ሸ»፣ «በ» እና «ቨ» አይለዩም።

የጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ከኖትፓድ ነው። የዊንዶውስ 7 ኖትፓድ ሲያስቀምጥ ነባሪው ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ኮድ የሚቀየርበት መንገድ) አማርኛ የማያውቀው «አንሲ» ነው። አማርኛ ካለበት «ፊደላት ይጠፋሉ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ተማሪው ሳያነብ ኦኬ ይላል፣ ፋይሉ ሲከፈት ???? ሆኖ ይገኛል። «ሴቭ አዝ» ውስጥ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ማድረግ ግድ ነው። የፋይል ዓይነቱንም «ኦል ፋይልስ» ማለት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ከ«.ፓይ» በኋላ «.ቲኤክስቲ» ይለጥፍበታል። አይድል ላይ የተጻፈ ፋይል ሁለቱም ችግሮች የሉበትም።

የአይሲቲ_መምህር
ግልጽ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስቲ ፕሮግራሙን ልጠይቅ። «ሰላም ዓለም» ብቻ ብሎ የሚያበቃ አልፈልግም፤ ተማሪው ቁጥር አስገብቶ ውጤት የሚያይበት ቢሆን።

እንጦጦ_ሥር
ቫት ያስሉ። 15 በመቶውን ደረሰኝ ላይ ሁሉም ያየዋል፣ ውጤቱንም በወረቀት ማረጋገጥ ይችላሉ።

ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። አብረው የሚመጡ ተግባሮችንም አዲስ ስም ልንሰጣቸው እንችላለን። ከታች ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ላይ በስተቀኝ ያሉትን (ፕሪንት፣ ኢንፑት፣ ፍሎት) በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይተይቡ። የተቀረው እንዳለ ይሠራል።

ጻፍ = ፕሪንት
ጠይቅ = ኢንፑት
ቁጥር = ፍሎት

ዕቃ = ጠይቅ("የዕቃው ስም፦ ")
ዋጋ = ቁጥር(ጠይቅ("ዋጋ በብር፦ "))
ቫት = ዋጋ * 15 / 100
ጠቅላላ = ዋጋ + ቫት
ጻፍ(ዕቃ, "ከነቫቱ", ጠቅላላ, "ብር")

አይድል ሲከፈት የሚመጣው ሼሉ ነው፤ >>> ያለበት። ፕሮግራም የሚጻፈው እዚያ አይደለም። ኮንትሮል ኤን ብለው አዲስ ባዶ መስኮት ይክፈቱ፣ ይጻፉ፣ ያስቀምጡ፣ ኤፍ5ን ይጫኑ። ውጤቱ ሼሉ ላይ ይወጣል። «ወንበር» እና 1200 ቢገባ፦

ወንበር ከነቫቱ 1380.0 ብር

ከነጥቡ በኋላ ያለችውን ዜሮ ተማሪዎች መጠየቃቸው አይቀርም። ፍሎት የሚሰጠው ባለ ነጥብ ቁጥር ነው፤ በ/ ማካፈልም ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ቢሆኑ እንኳ ምንጊዜም ባለ ነጥብ ይሰጣል።

«ቁጥር» የሚለውን አውጥታችሁ አንድ ጊዜ አስኬዱት። ጠይቅ የሚመልሰው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ በ15 ሲባዛ ስህተት አይሰጥም፤ 1200ን 15 ጊዜ ደርድሮ የ60 አሃዝ ጽሑፍ ያወጣል፣ ከዚያ በ100 ማካፈሉ ላይ ሲደርስ ታይፕኤረር ብሎ ይቆማል። ማካፈሉ ባይኖር ኖሮ የተሳሳተውን መልስ በኩራት ባሳየን ነበር። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ተማሪ ጽሑፍንና ቁጥርን አያምታታም።

ተከታይ ልምምድ ከፈለጉ፦ ዋጋው ቫትን ጨምሮ 1380 ከሆነ ቫቱ ስንት ነው? አብዛኛው ተማሪ የ1380ን 15 በመቶ ወስዶ 207 ይላል። ትክክሉ ጠቅላላ * 15 / 115 ነው፣ 180።

ፊደል_ቆጣሪ
ፕሮግራሙ ጥሩ ነው። ችግር የሚመጣው ኪቦርድ ሲቀያየር ነው፤ ስለዚህ የሚያጋጥሙትን ላስቀምጥ።

ሁሉም ምልክት (ቅንፍ፣ ጥቅስ፣ ኮማ) በእንግሊዝኛ ኪቦርድ መሆን አለበት። ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ኮማውን ወደ ፣ ሁለት ነጥቡን ወደ ፡ ይቀይሩታል። በጥቅስ ውስጥ ፣ ፦ ። ቢኖር ችግር የለውም፣ ውጭ ከሆነ ሲንታክስኤረር ነው። አዲሶቹ ፓይተኖች ምልክቱን ከነኮድ ቁጥሩ ያሳያሉ (በ16 መሠረት ተጽፎ፣ ለ፡ 1361፣ ለ። 1362፣ ለ፣ 1363)። 3.8 ግን «በስሙ ውስጥ ልክ ያልሆነ ምልክት አለ» ብቻ ነው የሚለው፣ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። ከወርድ ላይ የተገለበጠ ኮድም የተጠማዘዘ ጥቅስ ይዞ ስለሚመጣ መልእክቱ ተመሳሳይ ነው።

ሁለተኛው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ለእኛ «ሂሳብ» እና «ሒሳብ» አንድ ናቸው፣ ለፓይተን ሁለት ስሞች ናቸው። «ሀ» ቁጥሯ 4608፣ «ሐ» 4624 ነው። አንድ ቦታ «ዕቃ»፣ ሌላ ቦታ «እቃ» የጻፈ ተማሪ ኔምኤረር ያገኛል፣ ሁለቱንም ጮክ ብሎ ቢያነብ ልዩነቱን አይሰማውም። ከ3.10 ጀምሮ ያሉት «እንዲህ ማለትህ ነው?» ብለው ቀራቢውን ስም ይጠቁማሉ፣ 3.8 አይጠቁምም። ስለዚህ ሞክሼ የሌለባቸውን ስሞች ምረጡ፦ ዋጋ፣ ብር፣ ቫት፣ ዕድሜ ሳይሆን ዓመትም ሳይሆን «ልደት»።

ሦስተኛው የድሮ ፎንት ነው። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በአሮጌው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ መልኩ ብቻ ነው ግዕዝ፤ ከሥሩ የላቲን ኮድ ነው ያለው። አይድል ውስጥ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በቨርዥን 3.0 ነው፤ ኪቦርዱ ዩኒኮድ የሚያወጣ መሆኑን አረጋግጡ። ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነጻ ነው። አይድል ውስጥ በቀጥታ መተየብ ካስቸገረ ኖትፓድ ላይ ጽፎ መለጠፍ ይቻላል።

ጀማሪዋ
እኔ ቤት ኮምፒውተር የለኝም፣ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ ነው የምጠቀመው። ያው ኮድ ስልክ ላይ ይሠራል? የመጀመሪያው መስመር ላይ «ፕሪንት የሚባል አልተገለጸም» ይለኛል።

ባለ_ተርሚናል
ይሠራል እህቴ፣ አንድሮይድ የግዕዝ ፎንት አለው። ስህተቱ ከኪቦርዱ ይመስለኛል፤ የስልክ ኪቦርድ የመጀመሪያዋን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርጋታል። ፓይተን ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል፣ በትልቅ ፒ የሚጀምር ፕሪንት የለም። ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ «ኦቶ ካፒታላይዜሽን»ን አጥፊው። ሁለት ጊዜ ስፔስ ስትጫኚ ነጥብ የሚያስገባውንም አብረሽ አጥፊ፣ ቀጥሎ የምትጣይው እሱ ላይ ነው።

ጀማሪዋ
እሱ ነበር፣ ሠራ። ሌላ ጥያቄ፦ ዋጋ ስጠየቅ ፳፭ ብዬ ባስገባስ?

ፊደል_ቆጣሪ
ቫልዩኤረር። ፍሎትም ሆነ ኢንት (ሙሉ ቁጥር የሚሰጠው ተግባር) የሚቀበሉት በአሥር በአሥር የሚደረደሩ አሃዞችን ነው። ዓረቦች የሚጽፏቸው አሃዞች እንኳ ያልፋሉ። የግዕዝ ቁጥር ግን ዜሮ የለውም፣ ፳፭ም «ሁለት፣ አምስት» ሳይሆን «ሃያና አምስት» ነው፤ ስለዚህ ዩኒኮድ ከዚያ ምድብ ውስጥ አላስገባውም። የሚገርመው፣ ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በተለዋዋጭ ስም ውስጥ ይፈቀዳሉ፦ ዋጋ፩ ትክክለኛ ስም ነው፣ ዋጋ፲ ግን ሲንታክስኤረር።

1,250 ብለሽ በኮማ ብታስገቢም ያው ቫልዩኤረር ነው። ከፊትና ከኋላ ያለ ክፍተት ግን አይጎዳም።

ባለ_ተርሚናል
በአንድ ነገር አልስማማም። ጻፍ፣ ጠይቅ ብሎ ስም መቀየር ለማሳያ ያምራል፣ ለማስተማሪያ ግን አልመክረውም። ኢፍ፣ ፎር፣ ዋይል ቁልፍ ቃላት ስለሆኑ በዚህ መንገድ ሌላ ስም አይሰጣቸውም፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ የሆነ ኮድ ይመጣል፣ ተማሪው በየመስመሩ ኪቦርድ ሲቀያይር ይውላል። የስህተት መልእክቱ፣ የምርጫ ዝርዝሩ፣ የእገዛ ጽሑፉ ሁሉም እንግሊዝኛ ነው።

ሌላ ወጥመድም አለው። ተማሪው ከታች «ቁጥር = 5» ብሎ ቢጽፍ የፍሎትን ምትክ ስም ሰረዘው ማለት ነው። ቀጥሎ ቁጥር(...) ሲል «ኢንት ኦብጀክት ሊጠራ አይችልም» የሚል ታይፕኤረር ይመጣል፣ ምክንያቱን ማግኘት ለጀማሪ ከባድ ነው። «ቁጥር» ደግሞ ማንም ልጅ ለተለዋዋጭ የሚመርጠው ቃል ነው።

እንጦጦ_ሥር
ወጥመዱ እውነት ነው፤ «ቁጥር»ን «ወደ_ቁጥር» ማለት ይሻላል፣ ማንም በስህተት አይደግመውም። በዋናው ሐሳብ ግን አልስማማም። በመጀመሪያው ቀን ተማሪው መረዳት ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ስም በስተግራ፣ ዋጋ በስተቀኝ፣ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ቃሉ የራሱ ሲሆን የትኛው የፓይተን፣ የትኛው እሱ የፈጠረው እንደሆነ ቶሎ ይለያል። «ፕራይስ» ብለው ያስተማሩት ልጅ ፕራይስም እንደ ፕሪንት የተወሰነ ትእዛዝ ይመስለዋል።

ከኢፍ ጀምሮ ምትክ ስሞቹን ጥሎ በፕሪንት መቀጠል ይቻላል። የተለዋዋጭ ስሞቹ ግን አማርኛ ሆነው ቢቆዩ ምን ይጎዳሉ? ከሌላ ሰው ጋር የሚሠራ ፕሮጀክት ሲመጣ ያኔ ወደ ላቲን ይሄዳሉ።

ፊደል_ቆጣሪ
ፓይተን አማርኛን ሲያነብ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ይህቺን ሼሉ ላይ ያሳዩት። ካርታ = ማፕ፣ ፊደል = ሲኤችአር፣ ክልል = ሬንጅ ብለው ከሰየሙ በኋላ፦

ጻፍ(*ካርታ(ፊደል, ክልል(4608, 4615)))

ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ

እያንዳንዱ ቤት 8 ቁጥር ተይዞለታል፤ 4616 ላይ ለ፣ 4624 ላይ ሐ፣ 4632 ላይ መ እያለ እስከ ቀ (4672) ድረስ ሳያዛባ ይሄዳል። ከቀ በኋላ የቈ ረድፍ ስለሚገባ የሚቀጥለው ቤት («በ») 8 በመደመር አይገኝም።

ባለ_ተርሚናል
ከ«ካርታ» ፊት ያለው ኮከብ ምልክት ለመጀመሪያ ቀን አይደለም ወንድሜ፣ ለሦስተኛው ወር አቆየው።

የአይሲቲ_መምህር
ጻፍና ጠይቅን ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ በኋላ ፕሪንትና ኢንፑት አደርጋለሁ። ዊንዶውስ 10ዎቹ ላይስ አዲስ ቨርዥን ልጫን ወይስ ሁሉንም 3.8.10?

እንጦጦ_ሥር
ሁሉንም 3.8.10። አዲሱ የስህተት መልእክቱ ይበልጥ ይረዳል፣ ግን ሰሌዳ ላይ የጻፉት መልእክት አምስቱ ልጆች ጋ ሌላ ሆኖ ሲወጣ የክፍለ ጊዜው ግማሽ በማብራራት ያልቃል።

ሁለት ነገር ቀርቷል። ፋይሉን በላቲን አጭር ስም ያስቀምጡ፣ ግን «ራንደም» ወይም «ተርትል» አይበሉት። በኋላ ተርትልን ለሥዕል ሲጠሩት ፓይተን ከራሱ ይልቅ ከአጠገቡ ያለውን የተማሪውን ፋይል ያነሳና ግራ የሚያጋባ ስህተት ያወጣል።

ሁለተኛው፣ ውጤቱን ከኮማንድ በ> ምልክት ወደ ፋይል የሚልክ ተማሪ ዩኒኮድኢንኮድኤረር ያገኛል፤ «ቻርማፕ» የሚል ቃል ይኖርበታል። ወደ መስኮት ሲጽፍ ዩኒኮድ ነው፣ ወደ ፋይል ሲላክ ግን የዊንዶውሱን አሮጌ ኮድ ፔጅ ይጠቀማል፣ እሱ ደግሞ አማርኛ አያውቅም። በሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ «ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ» ውስጥ፣ ከታችኛው ሳጥን (የሲስተሙ) ፓይተንዩቲኤፍ8 የሚል ስም ሁሉንም በትልልቅ የላቲን ፊደላት ያለ ክፍተት ጽፈው እሴቱን 1 ያድርጉ። ኮማንዱን ዘግተው እንደገና ይክፈቱት፤ ተከፍቶ የቆየው አዲሱን አያነብም። ኦፕን በሚባለው ተግባር ፋይል መክፈት ሲጀምሩም ያው ማስተካከያ ያገለግላል።

ጀማሪዋ
ሳንቲሙን እንዴት ነው የማሳጥረው? 99.99 ሳስገባ ከነጥቡ በኋላ ብዙ ቁጥር ይመጣል።

ፊደል_ቆጣሪ
ክብ = ራውንድ በይ፣ ከዚያ ጻፍ(ክብ(ጠቅላላ, 2))። 114.99 ይሰጥሻል። አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ራውንድ 2.5ን 2 ያደርገዋል፣ 3 አይደለም፤ እኩል መካከል ላይ ያለውን ወደ ሙሉ ተጋማሹ ነው የሚያዞረው። 2.675ም በሁለት አሃዝ 2.67 ይሆናል፣ ምክንያቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቁጥሩ ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ከ2.675 በጥቂቱ አንሶ ነው። ሼሉ ላይ 0.1 + 0.2 ብለሽ ብትጽፊ ነገሩን ታይዋለሽ። ለእውነተኛ የገንዘብ ሥራ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር መሥራት ይሻላል፦ 9999 ሳንቲም።